ግሪን ፓርክ፦ መጀመሪያ ባቡሩ የተወሰደበት ጣቢያ

ባለፈው እትም አዘጋጆቻችን «ስለ ሥራ ችግር ብቻ ሳይሆን ያያችሁትንና ያነበባችሁትንም ጻፉልን» ብለውን ነበር። ይኸው እኔ ያየሁትን ይዤ መጥቻለሁ። ያየሁት ጣሪያ ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ኩዌት የምሠራላቸው ሰዎች ሙቀቱ ሲበረታ ሐምሌና ነሐሴን እንግሊዝ አገር ነው የሚያሳልፉት። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እነሱ ለዕረፍት ሲሄዱ እኛ ለሥራ እንሄዳለን። ሁለት ዓመት ተከታትለው ባዝ በምትባል ከተማ ቤት ተከራዩ። ፓስፖርቴ በማዳም ቦርሳ፣ ትንሹ ልጅ በእኔ እጅ። አንድ ቀን ማዳም ሴንስበሪ የሚባለው ሱፐርማርኬት ገብታ ስትገዛ ልጁ በጋሪው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳይነሳብኝ ብዬ ደጅ ቀረሁ። ከሱፐርማርኬቱ አጠገብ ትልቅ ጥላ ነበር፣ እዚያ ሥር ገባሁ። ቀና ስል ከወዲያ ወዲህ የተወጠረ የብረት ቅስት፣ በላዩ መስታወት፣ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ምሰሶዎች። ሥሩ ገበያ ነው፤ ዳቦ ሻጭ አለ፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አለ። ግን ለዳቦና ለአሮጌ ዕቃ ብሎ እንዲህ ያለ ጣሪያ የሚሠራ ማነው?

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አያቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። የባቡር ጣቢያ ጣሪያ ሲያዩኝ አውቀዋለሁ። ወለሉን አየሁት፤ ከፍ ያለ ጠርዝ፣ መሀሉ ዝቅ ያለ። ሰው የሚሳፈርበት፣ ባቡር የሚቆምበት። ሃዲዱ ብቻ ነው የሌለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ በስልኬ ስለዚህ ጣቢያ ማንበብ ያዝኩ። የምጽፍላችሁ እሱን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት።

ባዝ በፍል ውኃዋ የታወቀች፣ ቤቶቿ ሁሉ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠሩ ከተማ ናት። ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው፣ ዙሪያዋን ኮረብታ ከቧታል። ይሄ ኮረብታ በኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ። የመጀመሪያው ባቡር ባዝ የገባው በ1840 ነው፤ ከለንደን ወደ ብሪስቶል የሚሄደው የግሬት ዌስተርን ኩባንያ መስመር ነው፤ ጣቢያው ዛሬም ይሠራል። በዚያ ዘመን ባቡር የመንግሥት አልነበረም። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሃዲድ ይዘረጋል፣ አንዱ ሌላው ከተማ ውስጥ ለመግባት ይሻማል። ሚድላንድ የሚባለው ተፎካካሪ ኩባንያ በ1869 ከሰሜን በኩል ቅርንጫፍ መስመር አምጥቶ ባዝ ደረሰ፣ በ1870 ደግሞ ይህን ጣቢያ ከፈተ። ከተማዋ ድንጋይዋን ስለምትወድ ፊቱን እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ውብ ቤቶች አድርገው በዚያው ድንጋይ፣ በዓምድ አስጊጠው ሠሩት። ከኋላ በኩል ግን ብረትና መስታወት ነው፤ ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ከፊት የባለጸጋ ቤት፣ ከኋላ የሥራ ቦታ። እኛ ከምንሠራባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ እንዲሁ አይደሉ?

መጀመሪያ ላይ ጣቢያው የትንሽ ቅርንጫፍ መጨረሻ ነበር። ሕይወት የዘራበት በ1874 ከደቡብ የመጣው ሁለተኛው መስመር ነው። ስሙ ሰመርሴትና ዶርሴት ይባላል፣ በሁለት አውራጃዎች ስም። ይህ ኩባንያ ድሀ ነበር። ግን ባዝ ከደረስኩ ከሰሜን የሚመጣው ጭነትና መንገደኛ ሁሉ በእኔ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል፣ የሰመርሴት ከሰልም በእኔ ይወጣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ተበደረና ኮረብታውን ቆፍሮ፣ ድልድይ ገንብቶ፣ 42 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ መስመር ዘረጋ። መንገዱ ተከፈተ፣ ጭነቱም መጣ። ኩባንያው ግን በዕዳ ወደቀ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅስበት ገንዘብ እንኳ አጣ። በዓመቱ በ1875 መስመሩን ለሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች አከራየው። ለስንት ዓመት መሰላችሁ? ለ999 ዓመት። ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ባቡር የሄደበት 91 ዓመት ብቻ ነው።

የኩባንያው ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር «ኤስ ኤንድ ዲ» ነው። የአገሩ ሰው በነዚህ ሁለት ፊደሎች ሲቀልድ፣ ባቡሩ ያስመረረው «ቀርፋፋና ቆሻሻ» ይለዋል፤ የሚወደው ደግሞ በዚያው ፊደል «ፈጣንና አስደሳች» ብሎ ይፈታዋል። በእንግሊዝኛው ሁለቱም በእነዚያው ፊደላት ነው የሚጀምሩት። ሁለቱንም የሚለው ያው አንድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ እንደ ቀኑ።

አሁን ጣቢያው እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሞቱም ምክንያት እዚያ ውስጥ አለ። ግሪን ፓርክ ሃዲዱ የሚያልቅበት ጣቢያ ነው። ከሰሜን የመጣ ባቡር ጣሪያው ሥር ይገባና ፊቱ ግድግዳ ነው። ወደ ደቡብ ለመቀጠል ጎታቹ ከፊት ይፈታል፣ ሌላ ጎታች ከኋላ ይታሰራል፣ ባቡሩ በመጣበት ተመልሶ ይወጣና ወዲያው ወደ ግራ ታጥፎ ኮረብታውን መውጣት ይጀምራል። ዳገቱ 50 ሜትር በሄደ ቁጥር 1 ሜትር ከፍ ይላል። ለእግረኛ ምንም አይደለም፣ ለባቡር ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ አንድ አይበቃም፤ ከባድ ከሆነ ሁለት ይታሰራሉ። ይህ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ነጂ፣ ከሰል እያነደደ የሚረዳው፣ ፉርጎ የሚያያይዝና የሚፈታ፣ ምልክት የሚሰጥ፣ ሻንጣ የሚሸከም፣ መብራት የሚያጸዳ። ለመንገደኛው ባዝ አሥር ደቂቃ የሚቆምባት ቦታ ናት፤ ለብዙ የባዝ ቤተሰብ ግን እንጀራው ነው።

ዳገቱ ላይ ሁለት ዋሻዎች አሉ። ረጅሙ ኩም ዳውን ይባላል፣ 1,672 ሜትር ነው፤ ጠባብ፣ አንድ ሃዲድ ብቻ ያለው፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ የሌለው። በኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 20 ቀን 1929፣ አንድ የዕቃ ባቡር ከደቡብ ወደ ባዝ ይመጣ ነበር። ጭነቱ ከባድ ነው፣ በዋሻው ውስጥ ዳገቱን እየተንፏቀቀ ወጣ። ጭሱ መውጫ ስላጣ ነጂውንና ረዳቱን አፈናቸው፣ ራሳቸውን ሳቱ። ባቡሩ ግን አልቆመም። የዋሻው ጫፍ ላይ ዳገቱ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ባዝ ቁልቁለት ነው። የሚይዘው ሰው የሌለው ባቡር ቁልቁለቱን እየፈጠነ ወረደና ጣቢያው አጠገብ ካለው የዕቃ ማራገፊያ ገብቶ ተገለበጠ። ነጂው ሞተ፤ ማራገፊያው ውስጥ የነበሩ ሁለት የባቡር ሠራተኞችም ሞቱ። ረዳቱ ተረፈ። ይህን ሳነብ የታየኝ የተዘጋ ወጥ ቤትና ክሎሪን ነው። እናንተም ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኧረ መስኮቱን ክፈቱ እህቶቼ።

እዚህ ላይ የእኛው ሰው ይገባል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ሜይ 2 ቀን 1936፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ድሬዳዋን አቋርጠው ነው የሄዱት፤ አያቴ በኋላ በሠራበት ሃዲድ ላይ ማለት ነው። ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ። በጄኔቭ ንግግራቸውን ካደረጉ በኋላ የተቀመጡት ባዝ ነው። በከተማዋ ምዕራብ በኩል ኮረብታ ላይ ፌርፊልድ ሀውስ የሚባል ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። ከዚያ ቤት በታች ባለው ሸለቆ ከግሪን ፓርክ የሚወጣው የሚድላንድ ባቡር ያልፍ ነበር። እቴጌ መነን የእንግሊዝ ብርድ አልስማማቸው ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ንጉሡ ገንዘብ አጥሯቸው፣ አገራቸውን የሚሰማላቸው አጥተው፣ በዚያ ዝናብ አራት ዓመት ቆዩ። በ1954 ግን ተመልሰው ሲጎበኟት ባዝ የክብር ነዋሪነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ሰጡ። አንድ ቀን ልጁን በጋሪ እየገፋሁ እስከ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። መግባት አልቻልኩም፣ ሰዓቴ አልቆ ነበር። ከውጭ አይቼው ተመለስኩ።

ንጉሡ ከሄዱ በኋላ ጦርነቱ ባዝንም አገኛት። በኤፕሪል 1942 መጨረሻ የጀርመን አውሮፕላኖች ሁለት ሌሊት ደብድበዋት ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ከተማዋ የጦር ፋብሪካ ስለነበራት አይደለም የመቷት፤ እንግሊዞች አንዲት የጀርመን ታሪካዊ ከተማ ስላቃጠሉ፣ ጀርመኖችም በተራቸው በታሪክ የታወቁ ከተሞችን መርጠው ለመበቀል ነው። የጣቢያው መስታወት ያን ጊዜ ረገፈ። የባቡሩ ሰዎች መልሰው አላስገቡትም። ጣቢያው እስኪዘጋ ድረስ መንገደኛ ባዶ የብረት ቅስት ሥር ዝናብ እየመታው ይሳፈር ነበር።

በዚያ ጦርነት ወንዶቹ ስለዘመቱ በመላው እንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ ሴቶች የባቡር ሥራ ይዘዋል። ሻንጣ ተሸክመዋል፣ ምልክት ሰጥተዋል፣ ሎኮሞቲቭ አጥበዋል፣ ሃዲድ ጠግነዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ አብዛኞቹ «አመሰግናለሁ፣ ወደ ቤትሽ» ተባሉ። ይህን እዚህ ያመጣሁት ስለ ጣቢያ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ጎታቹ ቁጥርና ስለ ነጂው ስም ብዙ ስለሚወራ ነው። መስኮቱን ስላጠበችው ግን ማን ይጽፋል።

ከጦርነት በኋላ በ1948 ባቡሮቹ ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። እስከዚያ በሌላ ስም ይጠራ የነበረው ጣቢያ በ1951 ግሪን ፓርክ ተባለ። ወርቃማ ጊዜው የቅዳሜ ቀን ነበር፣ ያውም የሐምሌና የነሐሴ ቅዳሜ። በሰሜን እንግሊዝ ያሉት የፋብሪካ ከተሞች ሠራተኞቻቸውን በአንድ ጊዜ ለዕረፍት ይለቃሉ። ሠራተኛው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ደቡብ ባሕር፣ ወደ ቦርንመዝ ይሄዳል። ከማንቸስተር የሚመጣው ታዋቂው ባቡር በ1910 ነው የጀመረው፣ በ1927 «ፓይንስ ኤክስፕረስ» ተባለ። ጥድ ማለት ነው፣ ቦርንመዝ በጥድ ዛፍ ስለምትታወቅ። በቅዳሜ ቀን እሱ ብቻ አይደለም፣ ከየከተማው ተጨማሪ ባቡር በላይ በላዩ ይመጣል። ሁሉም እዚያ ጣሪያ ሥር ገብቶ፣ ጎታች ለውጦ፣ ዞሮ ይወጣል። ልጆች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ዋሻው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ባሕር ሊያዩ ነው። እኔ ዓመት ጠብቄ ሦስት ሳምንት ወደ አገር ቤት ስገባ አውሮፕላን ውስጥ የሚሰማኝ ነገር ትዝ አለኝ።

ታዲያ ይህ ጣቢያ እንዴት ተዘጋ?

በአንድ ቀን አልተዘጋም። በ1958 የመስመሩ ሰሜናዊ ክፍል አስተዳደር ለዌስተርን ክልል ተሰጠ። ይህ ክልል የድሮው ግሬት ዌስተርን ወራሽ ነው፤ በ1840 ሌላውን ጣቢያ የከፈተው፣ የዚህኛው ተፎካካሪ የነበረው። የመስመሩ ወዳጆች እስከ ዛሬ «በቂም ነው የገደሉት» ይላሉ። እኔ ቂም ብቻውን ነው ብዬ አላምንም፤ ጣቢያው እውነትም ውድ ነበር። ያ ሁሉ ጎታች መለወጥ፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ሰው። ግን የተደረገው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው የሚያስገርመው። በሴፕቴምበር 1962 ፓይንስ ኤክስፕረስንና ሌሎቹን የሩቅ ባቡሮች ከዚህ መስመር አንስተው በሌላ መንገድ አዞሯቸው። የመጨረሻውን የጎተተው ኢቭኒንግ ስታር ነው፤ በ1960 ተሠርቶ የወጣ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር ካሠራቸው የእንፋሎት ጎታቾች የመጨረሻው። በአዲስ ጎታች አሮጌ መንገድ ተሰናበተ። ለመስመሩ የቀሩት በየመንደሩ የሚቆሙት ትናንሽ ባቡሮች ናቸው። መጀመሪያ ዋናውን ገቢ ወሰዱበት፣ ከዚያ «ገቢ የለህም» አሉት።

ያን የሚለው ሰውዬ እየመጣ ነበር። ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ ይባላል። ባቡሩ በየዓመቱ ስለሚከስር መንግሥት ከአንድ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ አምጥቶ ሾመው። ደመወዙ በዓመት 24 ሺህ ፓውንድ ነበር፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይበልጣል። የሾመው የትራንስፖርት ሚኒስትር ኧርነስት ማርፕልስ ደግሞ ከመሾሙ በፊት የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ መሥርቶ የነበረ ሰው ነው። ይህን እንዲያው ልብ በሉልኝ፣ ሌላ አልጨምርም። በማርች 1963 የቢቺንግ ሪፖርት ወጣ፤ 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ፣ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ለመንገደኛ ይቅር የሚል። ሰመርሴትና ዶርሴት ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ሰውዬው ክፉ ነበር አልልም። ብዙዎቹ መስመሮች እውነትም ባዶ ፉርጎ ነበር የሚጎትቱት፤ አውቶቡስና የግል መኪና ሰውን ወስዶባቸዋል። ችግሩ አቆጣጠሩ ነው። መንገደኛው የተቆጠረው በአንድ ሳምንት ነው፤ በኤፕሪል 1961፣ ፋሲካ አልፎ የዕረፍቱ ጊዜ ሳይደርስ። የሐምሌን ቅዳሜ በኤፕሪል ሳምንት መዘኑት። ደግሞ የጣቢያ ገቢ ተብሎ የሚመዘገበው እዚያ ጣቢያ የተሸጠው ትኬት ነው። ማንቸስተር ትኬት ቆርጦ ባሕር ዳር የሚወርደው ሰው ገንዘቡ ለማንቸስተር ይቆጠራል። ባዝ ላይ ጎታች የለወጠለት ሰው ላብ ወጪ ነው፣ ገቢው ሌላ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ቤቴን ስለቅ 3 ዓመት ከ4 ወር ሠርቼ ነበር። ሒሳብ ተሠራልኝ። ወሩ ተቆጠረ፣ በደመወዙ ተባዛ፣ የሰበርኳቸው ብርጭቆዎች ተቀነሱ። የአባወራው እናት ታመው አብሬያቸው ያደርኩባቸው ሌሊቶች ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ስጠይቅ «የት እንጻፈው?» አሉኝ። ክፋትም አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ እውነትም ወረቀቱ ላይ ለሌሊት የሚሆን ቦታ አልተሰመረም። ፈረምኩና ወጣሁ።

ወደ ጣቢያው ልመለስ። በ1964 ምርጫ ሆነ። የሌበር ፓርቲ «ትልልቅ የባቡር መዝጋቶችን እናቆማለን» ብሎ ተወዳደረና አሸነፈ። የመስመሩ ሰዎች ተስፋ አደረጉ፤ ስብሰባ ጠሩ፣ አቤቱታ ጻፉ። በ1965 የአዲሱ መንግሥት ሚኒስትር ቶም ፍሬዘር የመዘጋቱን ወረቀት ፈረመ። ቀኑም ለጃንዋሪ 3 ቀን 1966 ተቆረጠ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ባቡሩን ይተካሉ ከተባሉት አውቶቡስ ባለቤቶች አንዱ «አልሠራም» ብሎ ወጣ። ሕጉ መተኪያ ሳይኖር መዝጋት ስለማይፈቅድ ባቡሩ ለሁለት ወር «ለጊዜው» ተብሎ ቀጠለ። በቀን ጥቂት ባቡር ብቻ፣ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ፣ ሰው ጠብቆ ጠብቆ የሚሰለችበት። በግማሽ ነፍስ ሁለት ወር። በማርች 5 እና 6 ቅዳሜና እሑድ ከየአገሩ ባቡር ወዳጆች መጥተው የስንብት ባቡሮች ሞልተው ሄዱ። ሰኞ፣ ማርች 7 ቀን 1966፣ ጣቢያው ዝም አለ። ወደ ብሪስቶል የሚወስደውም የሚድላንድ መስመር በዚያው ቀን ለመንገደኛ ቀረ።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ባቡሩ ሲዘጋ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ሴት ነበረች። ባርባራ ካስል ትባላለች፣ በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ መኪና መንዳት እንኳ አትችልም ነበር፤ ጋዜጦቹ በዚህ ቀልደውባታል። የተሾመችው በዲሴምበር 1965 መጨረሻ ነው፣ ፊርማው ካረፈ በኋላ። ይህች ሴት በ1968 አዲስ የትራንስፖርት ሕግ አወጣች። ሕጉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ የሚል ሐሳብ ገባ፤ አንድ የባቡር መስመር ቢከስርም ሕዝቡ የሚያስፈልገው ከሆነ መንግሥት ልዩነቱን ይሸፍናል። ማለትም በመዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ ተሰመረ። በትኬት የማይሸጠው ነገር፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ ሐኪም ቤት የምትሄደው አሮጊት፣ የሚጻፍበት ቦታ አገኘ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ የገጠር መስመሮች በዚያ ሐሳብ ነው የተረፉት። ግሪን ፓርክ በሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም አይደለም። ለከተማዋ የጋዝ ፋብሪካ ከሰል የሚያመጣው የዕቃ ባቡር እስከ 1971 ቆየ፣ ከዚያ ሃዲዱ ተነቀለ። ሕንጻው ባዶውን ቆመ፤ መስታወት የሌለው ቅስት፣ እርግብና ሣር። የከተማዋ ምክር ቤት ገዛው፣ ምን እናድርገው የሚለው ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ሴንስበሪ ጎኑ ላይ ሱፐርማርኬት ሊሠራ ሲፈቀድለት ጣቢያውን አድሶ፣ መስታወቱን መልሶ፣ በ1982 ከፈተ። ከ1942 ጀምሮ ክፍት የነበረው ጣሪያ የተከደነው ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ ጣሪያ ሥር ዝናብ የማይመታቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ከጦርነቱ ወዲህ ማለቴ ነው፣ ገበያተኞች ሆኑ። ትኬት ይቆረጥበት የነበረው ክፍል ምግብ ቤት ሆኗል።

መስመሮቹም በከፊል ተርፈዋል። ወደ ብሪስቶል የሚወስደውን ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ በጎ ፈቃደኞች በአካፋና በዶማ አስተካክለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አደረጉት። ወደ ደቡብ የሚወጣውም፣ ሁለቱ ዋሻዎች ያሉበት፣ በ2013 ለብስክሌት ተከፈተ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ልንመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ የማዳም ትልልቆቹ ልጆች ብስክሌት እንነዳለን አሉ። የተኬደው ወደዚያ ነው። እነሱ በብስክሌት፣ እኔ ጋሪውን እየገፋሁ በእግሬ። ማዳም መኪናውን ይዛ በወዲያኛው በኩል ልትጠብቀን። ኩም ዳውን አፉ ላይ ስደርስ ቅዝቃዜው መጣ፣ እንደ ጓዳ ጠላ ጋን። ልጆቹ ጥለውኝ ጠፉ። ውስጡ መብራት አለ፣ መሀል ላይ ከግድግዳው ሙዚቃ ይሰማል፤ ሆን ብለው ነው ያደረጉት፣ መንገደኛው እንዳይፈራ ይሁን እንዲደነቅ እንጃ። ትንሹ ልጅ ነቅቶ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ ያንን በ1929 የታፈነውን ሰው እያሰብኩ፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳሰስኩ ሄድኩ። 1,672 ሜትር በጋሪ ሩቅ ነው።

ብርሃኑ ሲመጣ ማዳም መኪናው አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ልጁን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ የኔን መዳፍ አየችው። ከል መስሎ ጠቁሯል፣ ጥላሸት ነው፣ ከ1966 ወዲህ ማንም ያላጠበው።

«ይሄ ምንድን ነው የነካሽው?» አለችኝ።

«ባቡር» አልኳት።